ስላይትሊ ስንት ነው?

ሰበታ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለላሊሴ፣

ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ የዶሃው ሙቀት በረደልሽ? እኛ ደህና ነን። ሰብለወርቅ ወደዚያ ስለምትመለስ ይህን በእጇ ላክሁ። በስልክ ልጠይቅሽ አልቻልኩም፤ ስንነጋገር እናትሽ ከጎኔ አትጠፋም።

ሆቴሉ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምትናገሪው እንግሊዝኛ ነው። ስላይትሊ ሲባል ስንት ነው?

ትርጉሙን አውቃለሁ። በመጠኑ፣ ጥቂት። ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ጽፌዋለሁ። የተነከረውን ጨርቅ ከገዢው ናሙና ጋር መብራት ሥር አስተያያለሁ። ልዩነቱ ስላይትሊ ከሆነ ያልፋል፤ ቬሪ ከሆነ ተመልሶ ይነከራል። አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ማንም አላስተማረኝም። ዓይኔ ያውቀው ነበር።

ባለፈው ሳምንት የዓይን ሐኪሙ ያንኑ ቃል ወረቀቴ ላይ ጻፈ።

«ዓይኔ ይመለሳል?» አልኩት።

«ስላይትሊ ነው የቀነሰው አባቴ፣ እንከታተለዋለን።»

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆምኩ። የመጨረሻው እርከን የት እንደሆነ አላየሁም። በእግሬ ፈለግሁት።

ማክሰኞ ዕለት መብሩካ፣ አብራኝ መብራቱ ሥር የምትሠራዋ፣ «ኦቦ ባጫ፣ ዛሬ ሁሉም ነገር ስላይትሊ ሆነልዎት እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጨርቁን አንስታ ከናሙናው ጎን አደረገችው። ናሙናው ሰማያዊ፣ ያሳለፍኩት ጨርቅ አረንጓዴ ነበር። የነገረችኝ እሷ ናት። ቅጹን ከእጄ ወስዳ ቃሌን ሰረዘች፣ ቬሪ ብላ በእኔ ስም ፈረመች።

ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛውን በጣቷ ትመታልኛለች። አንድ ጊዜ ከመታች ያልፋል። ሁለት ጊዜ ከመታች ይመለሳል። እኔ እጽፋለሁ። ልጆች አሏት፤ ቢደረስብን አብራኝ ትባረራለች። ተዪ ልላት ይገባኝ ነበር። በየጠዋቱ ልናገር እገባለሁ፣ ጣቷን ስሰማ እጽፋለሁ።

ለእናትሽ በመጠኑ ቀንሷል ብያታለሁ። ውሸት አይደለም። አይደለም አይደል?

ዋቃዮ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ የረገጥሽው ይለምልም፣ አገርሽ ገብተሽ ለመተያየት ያብቃን።

አባትሽ ባጫ

የላክሽልኝ ሸሚዝ ልኬ ነው። እሑድ ለብሼው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ ሰው ሁሉ አማረብህ አለኝ። መልስ ስትሰጪኝ ቀለሙን ንገሪኝ። እናትሽን መጠየቅ አልፈለግሁም። ትልቅ አድርገሽ ጻፊው።