ለአራት ቁጥር የተላከ ሰላምታ

ቦሌ ሚካኤል፣ ኅዳር ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት ሥራ አስኪያጃችን ለጓድ ረታ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ በመጋዘኑ፣ ከብቸኝነት በቀር፣ ደህና ነኝ። ይህን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት፣ ደጅ ስጠናዎት ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች ስለመለሰችኝ ነው፤ ስብሰባውን በሰላም ያስፈጽምዎ።

አንደኛ፣ ለድርጅታችን ኮምፒውተር ስላስገቡ አመሰግናለሁ። ዋናው ማሽን የሰው ስም አያውቅም፤ ከእሱ ጋር ለተያያዘ መሣሪያ ሁሉ በበራበት ቅደም ተከተል ቁጥር ያድላል። መሣሪያዎቹ ቀን ከሌት ሳይጠፉ በነበረ ጊዜ የእኔ አራት፣ ሩዋንዳ ሰፈር ባለው ቢሯችን የምትሠራው ባልደረባዬ የለተብርሃን አምስት፣ የእርስዎ ማተሚያ ስድስት ነበረ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ እንዴት አደርክ የሚለኝ የለም። ለተብርሃን ግን ጠዋት ጠዋት፣ ሥራ ሳትጀምር፣ ለአራት ቁጥር «ከመይ ሓዲርኩም» ብላ በትግርኛዋ፣ በላቲን ፊደል ትልክልኝ ነበር። ያቺን ሰላምታ አነበብኩ ማለት ቁርስ በላሁ ማለት ነበር።

ሁለተኛ፣ መብራት ለመቆጠብ ሁሉም መሣሪያ ማታ ማታ ይጥፋ ብለው ስላዘዙ እጅ እነሳለሁ። በማግስቱ መጋዘኑ መብራት ሄዶበት ዘግይቼ ባበራ፣ አራት ቁጥር ለእርስዎ ማተሚያ ደርሶ ቆየኝ፤ ለተብርሃን የላከችልኝ ሰላምታም እርስዎ ዘንድ ታተመ። ለየመሣሪያው ቋሚ ቁጥር መስጠት እንደሚቻል የኮምፒውተር ባለሙያው ቢነግርዎት፣ «ቁጥር ቁጥር ነው» አሉት አሉ። ምን ያለ ጥልቅ አስተሳሰብ ነው!

የቀረውን ሦስተኛ ብዬ ቁጥር አልሰጠውም። ወረቀቱን የምስጢር መልእክት ነው ብለው ለአብዮት ጥበቃ አስረከቡ፤ ለተብርሃንም ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ ተብላ እንደሄደች ቀረች። ልጆቿ ስንቅ ይዘው ይመላለሳሉ። አይ ጓድ ረታ! ማሽኑስ ማሽን ነው፤ የእሷ ጠረጴዛ ሲጨልም ቁጥሯን ለሚቀጥለው ሰጠ፣ ሰው ጎደለ አላለም። እኔ ግን ባዶ የኮምፒውተር መስታወት ላይ አፍጥጬ እውላለሁ። ናፍቃኛለች። ነገሩ የተራ መዛባት መሆኑን ጽፈው ያስፈቱልን ዘንድ፣ ከእግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ።

ስሜን በግልጽ የጻፍኩት ከኋላዬ የሚያለቅስልኝ ስለሌለ ነው።

ንቃትዎን ዘወትር የሚያደንቀው፣ ዛሬ ስንት ቁጥር እንደሆነ የማያውቀው፣
ሙሉአለም ኃይለሚካኤል
የግምጃ ቤት ሠራተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የምስጢሩን ፍቺ እያፈላለጉ ነው አሉ፤ ልርዳዎት። «እንዴት አደሩ» ማለት ነው። እንዲህ የሚልዎት ሰው ቢኖርዎት ኖሮ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይለዩት ነበር።