ተሸኝቼ የቀረሁ ሰሞን

ሰኞ፣ የካቲት 5

ዛሬም ቪዛው አልመጣም። መምህራኑ ከሸኙኝ አሥራ አንድ ቀን ሆነ። ሻንጣ ገዝተውልኛል። ርዕሰ መምህሩ አቶ ወንድሙ ንግግር አድርገዋል። የአምስተኛ ክፍል ልጆቼ ኮረሪማ በፌስታል ሞልተው አምጥተዋል። ተመርቄ፣ ተለቅሶልኝ፣ ይኸው ሚዛን ተፈሪ አልጋዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ሰው ቪዛ ሳይይዝ ይሸኛል? ችኩል ነኝ።

ጁባ የምታስተምረው የኮሌጅ ጓደኛዬ አስቴር፣ «እንግሊዝኛ አስተማሪ አጥተዋል፣ ቶሎ ነይ» ስትለኝ ያለቀ መሰለኝ። ለቪዛው የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፈቃዱን የሚሰጡት ግን ዲግሪ ይላሉ። እኔ ያለኝ ዲፕሎማና የዘጠኝ ዓመት ልምድ ነው። በልምዴ እንዲያዩልኝ አስቴር ማመልከቻ አስገብታለች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 6

ሳሙና አለቀብኝ። የዋናው መንገድ ባለሱቅን ልጅ አስተምራለሁ፤ እሱ ጋ አልሄድም። በገበያው ጀርባ ዞርኩ፣ ጭቃው ጫማዬን ዋጠው። እንዲያም ሆኖ አንድ የባጃጅ ሹፌር አወቀኝ።

«ቲቸር፣ አልሄድሽም እንዴ?»

«በዚህ ሳምንት ነው» አልኩት። ባለፈው ሳምንትም ለሌላ ሰው ይህንኑ ብያለሁ። «አልሄድኩም» ማለት ምን ይከብዳል?

ሐሙስ፣ የካቲት 8

ዝናብ። አከራዬ አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ ቴፒ ወርደዋል። ከትናንት ጀምሮ ከሰው ጋር አልተነጋገርኩም። ለግድግዳው እንግሊዝኛ አስተማርኩ። የምሬን ነው፣ ድምፄን ልስማ ብዬ። ስልኬን ኔትወርክ የሚገኝበት መስኮት ላይ አስቀምጬ ስጠብቅ ዋልኩ። ብቸኝነት እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 10

አስቴር ደወለች። «እህቴ፣ አልሆነም። ያለ ዲግሪ አይሆንም አሉ። ዲግሪ አሠርቶ የሚልክ ሰው ግን አለ፣ ከፈለግሽ...»

ስንቱን ልጅ በኩረጃ ይዤ ዜሮ ሰጥቻለሁ! «ተይው» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ጨዋ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፣ ፈርቼም ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 12

ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሰልፉ እስኪበተን ጠብቄ በጓሮ በር ገባሁ። አቶ ወንድሙ ቀና ብለው አዩኝና መሳቢያቸውን ሳቡ። የመልቀቂያ ደብዳቤዬ እዚያው ነው፣ ለወረዳው አልተላከም።

«ቪዛሽን እስካይ ብዬ ነው። ለክረምቱ የዲግሪ ትምህርት ስምሽን አስገባለሁ። አሁን ክፍልሽ እየተንጫጫ ነው፣ ሂጂ።»

ስገባ ሁሉም ብድግ አሉ። ትዕግሥት ከፊት ወንበር፣ «ቲቸር፣ ጁባ እንዴት ነው?» አለችኝ። ሄጄ የተመለስኩ መስሏቸዋል! «ይሞቃል» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አልሄድኩም» አልኩ።

ከኋላ አንዱ፣ «ታዲያ ኮረሪማችንስ?» አለ። ሳቅኩ፣ እነሱም ሳቁ። ከተሸኘሁ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን ሻንጣውን ከፍቼዋለሁ። ኮረሪማው እንዳለ ነው፣ ልብሴ ሁሉ እሱን እሱን ይሸታል። ነገ ልመልስላቸው ይሆን? ክረምት ሩቅ ነው፣ ዲግሪውም ዓመታት ይፈጃል። ቀሚሶቼን ግን አውጥቼ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኳቸው።