የቀሚሴ ጎን

ጥቅምት 12
ስፌት ቤቱ ዛሬም ያው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም። ኮሌታ፣ ኮሌታ፣ ኮሌታ... እትዬ መቀስ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ሆዴን ለኩኝ። ቆራጫችን ናቸው፤ ትክክለኛ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም። አምስት ወር ከገባኝ ጀምሮ አርብ አርብ ይለኩኛል፣ ሴቶቹም ከበው ይስቃሉ። "ጨምሯል! ወንድ ነው!" የቀሚሴን ጎን ፈትተው ሁለት ጣት ለቀቁልኝ።

ጥቅምት 20
ጤና ጣቢያ። ነርሷ፦ "ወተት ትጠጫለሽ? እርጎ? አይብ?" ሳቄ መጣ። ቤታችን የሚገባው ወተት የአማቴን ሻይ እንኳ በቅጡ አያነጣም። ካልሲየም የሚያንሳት እርጉዝ የደም ግፊት ያሰጋታል አለችኝ። ነጭ ክኒን ሰጠችኝ፤ ከደም ማነስ ክኒኑ ጋር አንድ ላይ እንዳልውጠው ነገረችኝ። ጣዕሙ የልብስ ማስመሪያ ጠመኔ ጠመኔ ይላል። ለልጄ ስል የማልውጠው ምን አለ? ግፊቴ ለጊዜው ደህና ነው።

ኅዳር 9
ክኒኔ አለቀ። ጤና ጣቢያውም ጋ አልቋል። "ሳምንት ብቅ በይ።" መድኃኒት የሚያድለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።
ማታ አማቴ የወተት ብርጭቋቸውን ወደ እኔ ገፉት። "እኔ ወልጄ ጨርሻለሁ። ጠጪ አንቺ!" እንባዬ መጣ። እርግዝና አልቃሻ አድርጎኛል።

ኅዳር 26
ቀጠሮዬ ዛሬ ነበር። አልሄድኩም። የዩኒፎርሙ ርክክብ ደርሷል፣ አለቃው ደግሞ "ከማሽን የምትነሳ እዚያው ትቅር" ብሏል። ክኒኑም አልመጣም አሉ... ታዲያ ሄጄስ?

ታኅሣሥ 5
ጣቴ ወፍሮ የመቀሱ እጀታ አላስገባው አለ። እትዬ መቀስ ደስ አላቸው። "እሰይ! አሁን ገና ሰው መሰልሽ!" ሴቶቹ አጨበጨቡልኝ። ጎኑን እንደገና ፈቱት፤ ከእንግዲህ የሚለቀቅ ጨርቅ የለውም።
ራሴን ግን ያመኛል። ዐይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል። ኮሌታው ነጭ ስለሆነ ይሆን?

ታኅሣሥ 19
ኮሌታ በእጄ እንደያዝኩ ነው የወደቅኩት አሉ። ተንፈራገጥሽ አሉ። አላስታውስም። ስነቃ ሆዴ የለም።
ወንድ ነበር።
"አለቀሰ?" አልኩት ባለቤቴን።
"ትንሽ" አለኝ።
ዋሽቶኝ ይሆን? ደግሜ አልጠይቀውም።

ታኅሣሥ 23
ነርሷን ጠየቅኳት። ክኒኑ ባያልቅ ኖሮስ?
"ሊረዳሽ ይችል ነበር። ላይረዳሽም ይችል ነበር፣ እህቴ። እብጠቱን በጊዜ ብናየው ግን..."
እብጠቱንማ ሁላችንም አይተነዋል። አጨብጭበንለታል።

የካቲት 3
ሥራ ገባሁ። እትዬ መቀስ ዐይኔን ማየት አቃታቸው። "ጎኑን... ላጥብበው?" አሉኝ። "ተዉት፣ እኔው እመልሰዋለሁ።" መለስኩት። የድሮው ስፌት ቀዳዳ ግን በረድፍ ይታያል። ስተኩሰውም አልጠፋ አለ።

መጋቢት 14
ቁልፍ ሰፊዋ ሰባት ወሯ ነው። ዛሬ መቀስ ጣቷ ላይ ተቀርቅሮ አልወጣ አላት። "ወፈርሽ!" ብለው ሳቁ ሴቶቹ። እኔ በድን ሆንኩ። እትዬ መቀስ ሜትራቸውን አወረዱ... ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። ሄደው የልጅቷን ማሽን ከሶኬት ነቀሉ።
አለቃው ጮኸ። "ርክክቡስ!"
"አንተ ስፋው!"
ክንዷን ይዤ ወጣሁ። "ምን ሆንኩ?" ትለኛለች መንገድ ላይ። "ምንም። ግፊትሽን ትለኪያለሽ።" ጤና ጣቢያ ስትለካ ከፍ ብሎ ተገኘ። እዚያው አስተኟት። በጊዜ መጥታችኋል አለች ነርሷ፤ ያቺው ነርስ።
ልጅቷ እጄን ስባ ሆዷ ላይ አደረገችው። "ይኸው ይራገጣል፣ ይሰማሻል?"
ተሰማኝ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።