በጋሼ አይሆንም ማሳ ላይ የቆመው እንጨት

ለምወድሽ አክስቴ፣

ከጉልበትሽ ጀምሮ እስከ ዶሮዎችሽ ድረስ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ደህና ነኝ። ጋራዥ ውስጥ የትራክተር ብሎን በናፍጣ ሳጥብ እውላለሁ። ወረቀቱን ያጠቆረው እጄ ነው፤ ፊደሌ ግን ድሮም እንዲሁ ነበር።

የሚያነቡልሽ ጎረቤታችን እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ከሰፈሩ መነጽርም ንባብም ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ጋሼ አይሆንም፣ እንደምን ሰነበቱ? «አይሆንም» የሚለውን ስም ያወጣሁልዎ እኔ ነኝ። ይቆጡ፣ ግን መስመር አይዝለሉ። ዋናው ገና ነው።

አክስቴ፣ ለአሥር ቀን እርሻ ብዬ ዓመቱን ሙሉ በሬ ከምቀልብ ለአንድ ጠዋት ትራክተር ብከራይ ይሻለኛል ብለሽ በሬሽን ሸጥሽ። ልክ ነበርሽ። ባለትራክተሩ ደግሞ ለአንድ ቁራጭ መሬት አልመጣም አለ። መንገድ ላይ የሚነደው ናፍጣ ለአንድ ማሳም ለአሥርም ያው ነው፤ ተያይዛችሁ የቀን ሥራ ሙሉልኝ አለ። አሥራ ሁለት ሆናችሁ ሞላችሁለት። ማሳቸው መሃል ላይ የሆነው ጋሼ ግን፣ ብረት መሬቴን አይረግጣትም፣ አይሆንም አሉ። ትራክተሩም በየዙሩ ማረሻውን እያነሳ እሳቸውን ሊዞር ሆነ።

ድንጋዩን ለቅሞ ጉቶውን የነቀለ ሁሉ ማሳው ጥግ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት ይተክል ነበር። ሾፌሩ ሰው አይጠይቅም፤ ጨርቅ ካየ ያርሳል፣ ካላየ ያልፋል። አንቺ ከአሮጌ ቀይ ሻሽሽ ቀደሽ አሰርሽ።

ትራክተሩ የመጣ ቀን ጎህ ሲቀድ እንጨትሽን ነቅዬ ጋሼ ማሳ ላይ የተከልኩት እኔ ነኝ።

መሬታቸው ታርሶ ሲያዩ ፊታቸው ምን እንደሚመስል ለማየት ብቻ ነበር። ያንቺን ወዲያው እመልሰዋለሁ ብዬ ቁጥቋጦ ውስጥ አፌን አፍኜ ስስቅ፣ ትራክተሩ ገባና ሣር የሸፈነው ጉቶ ላይ ወጥቶ ተሰበረ። ድምፁን ሰምተሻል። ሰው ሁሉ ወደ ትራክተሩ ሲሮጥ እኔ እንጨቱን ነቅዬ ወረወርኩት።

መለዋወጫ ሲጠበቅ ሃያ ቀን ሄደ፤ ዝናቡ ግን ማንንም አልጠበቀም። ከአሥራ ሁለቱ የታረሰው የአራት ሰው ብቻ ነው። አንቺ በሬም ትራክተርም የለሽ፣ ጎንበስ ብለሽ በዶማ ስትቆፍሪ፣ እኔ ከጎንሽ ሆኜ ቀልድ አወራልሽ ነበር። ዝም ካልኩ እውነቱ እንዳያመልጠኝ ፈርቼ ነው።

ሾፌሩ ምልክት አይቼ ነው የገባሁት ብሎ ቢምል ማን ይስማው? በእርሻ ወቅት የቆመ ትራክተር ባለቤቱን ይበላል፤ ባለቤቱም ሾፌሩን አባረረ። እኔ ደግሞ ሰው መሃል ቆሜ፣ ለዚህ ሰው መነጽር አዋጡለት ብዬ አሳቅሁ። አክስቴ፣ ከሁሉም እንቅልፍ የሚነሳኝ ያ ሳቅ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ባለትራክተሩ ጋራዡ መጣ። ትራክተር ሥር ተኝቼ ነበር፤ ቢመታኝ እንዳይደርስብኝ እዚያው ሆኜ ሁሉንም ነገርኩት። አልመታኝም። ቁጢጥ ብሎ ሾፌሩ አሁን የት ነው ያለው አለኝ። አላውቅም። እባክሽ አፈላልጊልኝ፤ ይቅርታዬን እግሩ ሥር ሆኜ ልንገረው።

ተመልሶ ያርስላችሁ እንደሆነም ጠየቅሁት። መሃሉ ለተቦደሰ መሬት ዳግመኛ አልመጣም፤ አሥራ ሦስቱም ከተያያዙ እመጣለሁ አለ።

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ። ጉቶውን እኔ ራሴ መጥቼ እነቅልልዎታለሁ፤ ድንጋዩንም እለቅማለሁ። አይሆንም ማለት መብትዎ ነው፤ ግን አክስቴን ዓይን ዓይኗን እያዩ ይበሉት።

አክስቴ፣ ወደዚህ ስመጣ ሻንጣዬን ያዘጋጀሽልኝ አንቺ ነሽ። ከሸሚዞቼ ሥር፣ ታጥቦ በአራት የታጠፈ ቀይ ጨርቅ አገኘሁ። ከየት እንዳነሳሽው አልጠይቅሽም። ያን ሁሉ ጊዜ ቀልዴን ለምን ዝም ብለሽ እንደሰማሽኝም አልጠይቅሽም። ይኸው ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ፤ በቦታው እሰሪው።

ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ዝናቡን በልክ ያድርግልሽ።

ያሳደግሽው የወንድምሽ ልጅ