ፊት በሌለው ሥዕል ውስጥ ራሳቸውን ላገኙት ኃላፊ

ለክቡር አቶ ሙሉነህ ሰንበቴ
የዳዋ ማዶ ወጣቶች ማዕከል ኃላፊ
ነገሌ ቦረና

ጉዳዩ፦ ስለታሸገው የኮምፒውተር ክፍልና በውስጡ ስለቀሩት ሰዎች

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል ብቻ አይደለም፤ በዚያ ወንበር ላይ ሳይንቀሳቀሱ መዋልዎን በዓይኔ ስላየሁ፣ የሰው አከርካሪ ምን ያህል እንደሚችልና መቼ እንደሚያማርር ደግሞ በቅርቡ ስለተማርኩ፣ ከልቤ ስለማስብልዎ ነው። ቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከብት ካለዎትም ከብትዎ ሁሉ ናጋ፣ ሰላም ይሁኑልዎ።

የፊት ምስጋና ለኋላ ሐሜት ያስቸግራል ይባላል፤ እኔ ግን ከምስጋና እጀምራለሁ። ገበያው ዳር ጨርቃ ጨርቅ የምሸጠው መሱዳ ከሊፋ ነኝ። እርስዎ በሚመሩት ማዕከል የኮምፒውተር ክፍል፣ እኔና የእህቴ ልጅ ኢክራን ከጥቂት ሴቶች ጋር ሆነን የሰውን ቁመና መሳል በኢንተርኔት ስንማር ከርመናል። እኔን ወደዚህ ያመጣኝ ሱቄ ነው። የማሰፋላቸውን ቀሚስ ለደንበኞቼ አስቀድሜ በወረቀት ስዬ አሳያቸው ነበር፤ በቀሚሱ ውስጥ ሰው ማስገባት ስለማልችል ግን ሁሉም ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ይመስል ነበርና «ባለቤቷ የት ሄደች?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። የኢክራን ነገር ሌላ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ አዲስ አበባ የሥዕል ትምህርት ቤት ለመግባት ቆርጣለች፤ ትምህርት ቤቱም ሰው ፊቷ ተቀምጦ የሳለቻቸውን ሥዕሎች እስከ መስከረም መጨረሻ እንድታቀርብ ጠይቋታል። እነዚያን ሥዕሎች የያዘውን ማኅደር እርስዎ ክፍሉን ሲያሽጉ አብረው አሽገውባታል። የደብዳቤዬ ጉዳይ ይኸው ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ በቢሮዎ እንደማይነበብ ተነግሮኛል፤ ቁጥር ያለውም እንደማይነበብ ራሴ ደርሼበታለሁ።

፩ኛ. በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ክፍሉ የታሸገው «በኮምፒውተር ላይ ራቁት የሰው ገላ በመታየቱ» ነው ይላል። እውነት ነው፣ ታይቷል። አስተማሪያችን አቶ ክብሮም አዲስ አበባ ተቀምጠው በቪዲዮ ሲያስተምሩን፣ ሰው ከልብሱ በፊት ሥጋ፣ ከሥጋውም በፊት አጥንት እንዳለው ለማስረዳት አንድ አጽም አሳይተውናል። ከአጽም የበለጠ ራቁት ሊኖር እንደማይችል እኔም አምናለሁ፤ ምስኪኑ ልብሱን ብቻ ሳይሆን ቆዳውንም አውልቆ ነው የመጣው። በሚቀጥለው ጊዜ ሽርጥ እንደምናስታጥቀው ከወዲሁ ቃል እገባለሁ።

፪ኛ. ይኸው ማስታወቂያ ቀጥሎ «ሰዎችን ያለ ፈቃዳቸው በመሳል» ይከሰናል። ይህን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ሊኖርብኝ ነው፤ እንደሚታገሡኝ አልጠራጠርም፣ ከወንበርዎ የሚያስነሣዎ ጉዳይ እንደሌለ አውቃለሁና።

የመጀመሪያ ሞዴላችን ራሳቸው አስተማሪው ነበሩ። ኔትወርኩ ሲቆም እሳቸውም እጃቸውን እንዳነሡ፣ አፋቸውን እንደከፈቱ ይቆማሉ፤ እኛም ኔትወርኩ ሳይመለስ ለመሳል እንሽቀዳደማለን። ኔትወርክ ደግሞ ክፉ ነው፤ ይቁምልን ብለን ዱዓ ባደረግንበት ቀን እንደ ውኃ ይፈስሳል። ስለዚህ ሕያው ሰው ፍለጋ ወጣሁና ለጎረቤቴ ለኦቦ ጋልጋሎ ነገርኳቸው። እሳቸውም ሳያቅማሙ ዱላቸውን ተደግፈው በሱቄ በር ላይ ቆሙልኝ።

የአዲስ አበባው ትምህርት ያላሰበበት ነገር የገጠመን እዚህ ላይ ነው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ነገሌ ገበያ ላይ አይሠራም። የሚያልፈው ሁሉ «አካም? ናጋ? ልጆች ናጋ? ከብቱ ናጋ? ዝናቡስ እንዴት ነው?» ይላል፤ ለዚህ ሁሉ ደግሞ አንድ በአንድ መልስ ይጠበቃል። ኦቦ ጋልጋሎ አትንቀሳቀሱ ያልኳቸውን ለማክበር ዓይናቸውን ብቻ እያንከራተቱ ዝም አሉ። ወዲያው ወሬው ገበያውን አዳረሰው፤ ጋልጋሎ ሰላምታ ነሥተዋል፣ መሱዳ አንድ ነገር ብትበድላቸው ነው ተባለ። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ተሰብስበው መጡ፤ እሳቸው አሁንም አልተንቀሳቀሱም፣ ጨረስኩ አላልኳቸውማ! ጨረስኩ ስላቸው ነው በረጅሙ ተንፍሰው «ሰው ናጋ ሲለኝ ዝም ካልኩ እኮ ሞቻለሁ ማለት ነው። መሱዳ፣ ሁለተኛ እንዳትገድዪኝ» ያሉኝ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን መርምረው ጥፋቱን በእርሳሴ ላይ ጣሉና፣ ከእንግዲህ የሚሳል ሰው ሰላምታ በመጣ ቁጥር እየመለሰ ይሳል ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ የሳልኳቸው ሰዎች በአንድ ትከሻ ላይ ሦስት አራት እጅ ያላቸው በዚህ ምክንያት ነው።

፫ኛ. ይህ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው፤ በስሕተት ቁጥር ተሰጥቶታል።

ለክፍሉ የተሰበረ መስኮት መስታወት እንዲገባ ማመልከቻ ይዘን እኔና ኢክራን ወደ ቢሮዎ መጣን። ቆዩ ተባልን፤ ከበርዎ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቆየን። በሩ ክፍት ነበር። አገጭዎ ደረትዎ ላይ አርፏል፤ እስክርቢቶው ከነክዳኑ በጣቶችዎ መሃል ተይዟል። የመጣው ሁሉ ሰላም ይላል፣ መልስ ሳያገኝ ይመለሳል፤ ለእርቅ የመጣ ሽማግሌ ግን አላየንም፣ ሰዉ ለምዶታል። ኢክራን በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና «አክስቴ፣ እኚህ ሰውዬ እኮ አይንቀሳቀሱም» አለችኝ። ወረቀት አወጣን። ፈቃድ እንጠይቅ ብለንም ነበር፤ ለመቀስቀስ የሚደፍር ጠፋ።

ክቡር ሆይ፣ ያን ዕለት ያገኘነውን ትምህርት በየትኛውም ቪዲዮ አላገኘነውም። የሆድ ክብደት ቀበቶ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ፣ ሥራ ያልነካው እጅ ከአንጓው ላይ እንዴት እንደሚለመልም አየን። በቢሮው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው የመስኮቱ ጥላ ብቻ ነበር፤ ፀሐይ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለችምና። በማግስቱ ስንመለስ እዚያው ስለነበሩ፣ እጅጌዎን ካቆምንበት ቀጠልን። ሰው ሲቆም ቁመቱ ሰባት ራስ ተኩል ያህል እንደሚሆን ተምረን ነበር፤ እርስዎን ቆመው ስላላየንዎ በዚህ ረገድ ምንም ማረጋገጥ አልቻልንም። አስተማሪያችን የኢክራንን ሥዕል ሲያዩ «እንዲህ ያለ ሞዴል ከየት አመጣችሁ? እኛ እዚህ በመብራት ብንፈልግ አናገኝም» አሉን። ከቢሮ ወደ ቢሮ ዞር ዞር ቢሉ እዚያም የሚያጡ አይመስለኝም።

፬ኛ. ከዚያ የማዕከሉ በዓል መጣና ሥዕሎቻችን ኮሪደሩ ላይ ተሰቀሉ። የኢክራን ሥዕል «የተቀመጠ ሰው» ይላል እንጂ ስም የለበትም። ፊትም የለውም፤ ፊት የሚሳልበት ትምህርት ገና ስላልደረሰ ከአንገት በላይ ያለው ባዶ እንቁላል ነው። ከጎረቤት ወረዳ ከወደራ የመጡት እንግዶች እያደነቁ አለፉት። ከእኛ ከተማ ሰዎች አንዳንዶቹን ድንገተኛ ሳል ያዛቸው። እርስዎ ግን ከሥዕሉ ፊት ቆመው፣ እንግዶቹ ሁሉ እየሰሙ «ይህ እኔ ነኝ! ማን ነው የሳለኝ?» ብለው ጮኹ።

እንዴት እንዳወቁት እስካሁን ይገርመናል። ስም በሌለበት፣ ፊት በሌለበት፣ መነጽር እንኳ ባልተደረገለት እንቁላል ውስጥ ራሱን የሚያገኝ ሰው ትሑት መሆን አለበት። ከወደራ የመጡት እንግዶች እርስዎ እስኪነግሯቸው ድረስ አንዳች የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ አሁን ግን ወደራም ያውቃል። ኢክራንም ተማሪ ሆና በኖረችበት ዘመን ሁሉ ከዚህ የበለጠ ማርክ ሰጥቷት የሚያውቅ አስተማሪ የለም።

በማግስቱ ጧት ክፍሉ ታሸገ። ሥዕሎቹ ተለቅመው ወደ ውስጥ ገቡ፣ በሩ ተቆለፈ፣ ወረቀቱ ተለጠፈ፣ ማኅተሙም አረፈበት። በማዕከሉ እንዲህ በጥድፊያ የተሠራ ሥራ አይቼ አላውቅም፤ ለካ ይቻላል ብዬ ተደስቻለሁ።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ አሁን ግን ቁጥሩን ልተወው።

አቶ ሙሉነህ፣ በሩን አሽገዋል፤ መስኮቱ ግን እንደተሰበረ ነው። ኢክራን በየቀኑ ሄዳ በፍርግርጉ ብረት ውስጥ ታያለች። ማኅደሯ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እጅ ቢዘረጋ ሊደርስበት ጥቂት ይቀረዋል። ነፋሱ አቧራውን ያለብሰዋል፤ ሐገያ የምንለው የመጸው ዝናብ ሲጀምር ደግሞ በዚያው ቀዳዳ ይገባል፣ የከሰል ሥዕል ውኃ አይችልም። ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ታጥፍልኛለች፤ ድሮ ያልተጻፈበት ወረቀት ሁሉ የእሷ ነበር፣ አሁን እርሳስ አትነካም። «እንደገና ሳዪ» ስላት «ማንን?» ትለኛለች። ይህ ያናድደኛል። በእርስዎ ላይ መቀለድ አያስቸግረኝም፤ እሷ ተስፋ ስትቆርጥ ማየት ግን አልችልም። የአንድ ልጅ ዕድል ለአንድ ሰው እፍረት መሸፈኛ ሲሆን ዝም ብዬ ላይ አልፈልግም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው፤ ክፍሉን ይክፈቱ፣ ያም ከከበደዎት ማኅደሩን አውጥተው ይስጧት። ኢክራን ራሷ «የእሳቸውን ያስቀሩት፣ የቀሩትን ብቻ ይስጡኝ» ብላለች፤ ሰው ማስቀየም አትወድም። እኔ ግን አልስማማም። ከሁሉ የሚበልጠው ሥዕሏ የእርስዎ ነው፤ እሱ ከጎደለ ትምህርት ቤቱ ምን ያህል እንደምትችል አያውቅም። ለዚህ ተግባር የሚያስፈልገው አንድ ቁልፍና ከወንበር መነሣት ብቻ መሆኑን፣ ሁለተኛው ከባድ እንደሆነም ጭምር፣ በአክብሮት አስታውሳለሁ።

የአከርካሪዎን ደህንነት፣ የእንቅልፍዎን ጥልቀትና የማኅተምዎን ቀለም ፈጣሪ እንዲጠብቅልዎ እየተመኘሁ፣ በአግዳሚ ወንበርዎ ላይ ለመቆየት ዘወትር ዝግጁ የሆንኩ፣

መሱዳ ከሊፋ
ነገሌ ቦረና

ግልባጭ፦
ለኦቦ ጋልጋሎ (ልጃቸው ታነብላቸዋለች)
ሳል ይዟቸው ለነበሩ የከተማችን ነዋሪዎች

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ባለቤትዎ ወይዘሮ አመለወርቅ ለመጋረጃ ጨርቅ ሱቄ መጥተው ነበር። ያን ሥዕል በበዓሉ ቀን አይተውት እጅግ ወደውታል፤ «ቤትም እንዲሁ ነው» ብለውኛል። ለሳሎናቸው ሌላ እንድንስልላቸው ጠየቁን፤ ተለቅ ያለ ሆኖ፣ እንግዳ ሲመጣ እንዳያፍሩ እርስዎን ሥራ ሲሠሩ የሚያሳይ ቢሆን ደስ እንደሚላቸውም ነገሩን። ኢክራን አዝና ይቅርታ ጠየቀቻቸው፤ አስተማሪያችን በዓይናችን ያላየነውን እንዳንስል ከልክለውናል።