«ወጣ ብሏል» ያልኩት

አርብ፣ ጥቅምት 11

ከድርዬ፣ ዛሬ ሱቅህን ብቻዬን ከፈትኩ። ለፓምፓቸው ኩሬ ላይ የሚንሳፈፍ ሶላር ያዘዙህ የስልጤው ሽማግሌ መጡ። እንደ ምንጣፍ የሚጠቀለለውን ስስ ሶላር ባዶ ጀሪካኖች ላይ ልታስርላቸው ቃል ገብተህላቸው ነበር።

«ያ ቀልደኛ ወንድምህስ?» አሉኝ።

ሞቷል ማለት አቃተኝ። «ወጣ ብሏል» አልኩ።

«‹ፀሐይን ኩሬዎ ላይ አስተኛታለሁ፣ ዓሣ ግን እንዳይጠብቁብኝ› ብሎኝ ነበር እኮ!» ብለው ሲስቁ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ገና ሐዘን ላይ ሆኜ፣ ከድርዬ።

ብዙ ጠበቁህ። በሩን ባዩ ቁጥር ፊቴን አዞርኩ። በኋላ ተነሱ።

«ለጁምዓ አንዋር መስጊድ ሄዶ ይሆናል። እዚያው አገኘዋለሁ።»

«አያጡትም አባባ» አልኳቸው።

መንገዱን ሳይሻገሩ ሱቁን ዘግቼ በበርበሬ በረንዳ ሰፈር በኩል ሸሸሁ።