ዘበኛውን ያስተኛሁት እኔ ነኝ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ብርዱ ገባ። ከመኪናው መስታወት በረዶ ስፍቅ ጣቶቼ ደነዘዙ። ሥራ... ያው ነው። የሁለተኛ ፎቅ ፕሪንተር። ፓስወርዱን የረሳ ዶክተር። ከምሳ በኋላ ደግሞ ያው ዶክተር።

ከሰዓት የሆስፒታላችንን የላቦራቶሪ ሰርቨር ስፈትሽ አንድ መስመር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ዘበኛ የምንለው የሰርቨር ጠባቂ ፕሮግራም አለ። እያንዳንዱ ፕሮግራም የትኛውን ፋይል መንካት እንደሚችል ሕግ ይዞ ይቆማል። ከሕጉ ውጭ ከሆነ የሰርቨሩ አዛዥ ራሱ ቢመጣ እምቢ ይላል። ይኸኛው ግን እምቢ አይልም። እይ፣ መዝግብ፣ አታስቁም ተብሎ ታዟል። ከጎኑ ማስታወሻ፦ "ለዛሬ ብቻ። ሎ.ፔ."

የዛሬ ስድስት ዓመት የተጻፈ!

ሎ.ፔ. ደግሞ ማን ናት? ሎርና ፔትካው። እኔው ነኛ! ወይ ጉዴ...

አስታወስኩት። አርብ ነበር። አዲሱ ፕሮግራም አልነሳ ሲል ዘበኛውን አስተኛሁት፣ ፕሮግራሙ ተነሳ፣ ቤቴ ገባሁ። ሰኞ እመልሰዋለሁ ብዬ። በእኛ ሙያ ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ ዘበኛውን ማስተኛት። ቢሆንም አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

አለቃዬ ግሌን ቢሮ ገባሁ። የራሴን ጥፋት ሳልደብቅ ነገርኩት። የጎረቤት ከተማ ሆስፒታል ባለፈው ወር ሌቦች በኔትወርክ ገብተውበት አስራ ዘጠኝ ቀን በወረቀትና በእስክሪብቶ ሠርቷል። እኛ ጋ ቢገቡስ? የሚያስቆማቸው የለም አልኩት።

"ስድስት ዓመት እኮ ያለ እሱ ኖረናል፣ ሎርና።"

"በዕድል ነዋ!"

"ዕድል ምን አደረገሽ?"

ቀልዱን ነው። ግን ወንበሩ ላይ ድርቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ካልተነሳሁ ምሳውን እንደማይበላ ሲገባው፦ "እሺ። እስከ ወሩ መጨረሻ ሞክሪው። ግን አንዲት ጊዜ የደም ውጤት ከአስር ደቂቃ በላይ ከቆመ አጠፋዋለሁ። ሁለተኛ ይህን ወሬ አታነሺብኝም።"

በጄ አልኩ። አስር ደቂቃ... ምን ቆርጦኝ ነው እሺ ያልኩት?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

መዝገቡን ከፈትኩ። ዘበኛው ነቅቶ ቢሆን ኖሮ ያስቆማቸው የነበሩ ነገሮች፣ በአንድ ወር ብቻ አርባ አንድ ሺህ መስመር። አበስኩ ገበርኩ!

አጠገቤ የሚቀመጠው ድዌይን አንገቱን አስግጎ አየና ሳቀ። "ይህን ሁሉ ልታነቢ? መዝገቡን ወስዶ ሁሉንም ወደ ፈቃድ የሚቀይር መሣሪያ አለ አይደል? አንድ ትእዛዝ ነው። ከዚያ በረዶው ላይ ከርሊንግ እንጫወታለን።"

አይሆንም አልኩት። መዝገቡ ደጉንም ክፉውንም ነው የሚጽፈው። በሩን ላንኳኳ ሁሉ ፈቃድ ከሰጠሁ ዘበኛ ምን ያደርግልኛል?

"አንቺ ሴትዮ፣ ጡረታ እስክትወጪ አትጨርሺውም።"

እጨርሰዋለሁ። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልተወውም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

አርባ አንድ ሺህ ሲባል ያስፈራል እንጂ ሲለቀም ሰባት ዓይነት ነው። አብዛኛው የውጤት ፋይሎቹ ናቸው። አንድ ሰው በእጁ በከፈተው ፎልደር ተቀምጠው የተሳሳተ መለያ፣ ማለት ዘበኛው የማን ፋይል እንደሆነ የሚያውቅበትን ምልክት፣ ይዘዋል። መለያውን አስተካከልኩ፣ ሠላሳ ሺህ መስመር ጠፋ። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ድዌይን አበደች አለ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ትናንት የወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ ቀን ነበር፣ ቤት ዋልኩ። ድዌይን ተረኛ ነበር። ዛሬ ስገባ ጥርስ በጥርስ ሆኖ ጠበቀኝ።

"ጨረስኩልሽ!"

"ምኑን?"

"መዝገቡን በሙሉ በመሣሪያው አሳለፍኩት። ፈቃድ ሆኗል።"

ጮህኩበት፣ ኮሪደሩ እስኪሰማ። ከዚያ ጎትቼ አስቀመጥኩትና ከጻፈው ሕግ ውስጥ አንዷን አሳየሁት። የውጤት ማሳያው ፕሮግራም የሰርቨሩን የፓስወርድ ፋይል ማንበብ ይችላል ትላለች። "ይኼ ፕሮግራም ፓስወርድ ምን ያደርግለታል? ንገረኝ እስቲ!"

አነበበው። ደግሞ አነበበው። "...አላየሁትም" አለ። "ላሳርፍሽ ብዬ እኮ ነው።"

አውቃለሁ፣ ደግ ነው። ሁሉንም ሰረዝነው፣ ሁለታችንም። ከሰዓት በኋላ ሳልጠይቀው ወንበሩን ስቦ መጣና ከእኔ ጋር መስመር በመስመር ማንበብ ጀመረ። ድንች በሊጥ የተጠቀለለበትን ፔሮጊውንም አካፈለኝ። ሽንኩርት በዝቶበታል።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 17

አለቀ! መዝገቡ ሁለት ቀን ሙሉ ጸጥ አለ። ነገ ደም ቀጂዎቹ የጠዋት ዙራቸውን ሲጨርሱ ዘበኛውን እቀሰቅሰዋለሁ።

ለላቦራቶሪው ኃላፊ ለማይርና ልነግራት ወረድኩ። ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ጓንቷን አወለቀች።

"እህቴ እዚያኛው ሆስፒታል ተኝታ ነበር፣ ሌቦቹ የገቡ ሰሞን። ነግሬሻለሁ?"

አልነገረችኝም።

"የደሟ ውጤት በወረቀት ወረደ። ወረቀቱ ጠፋ። ፖታሲየሟ ልብ የሚያቆም ያህል መውጣቱን ያወቁት በማግስቱ ነው። ለጥቂት ነው የተረፈችልኝ።" ከዚያ ክንዴን ያዝ አድርጋ፦ "ቀስቅሺው። ካስቸገረሽ እኔ ውጤቱን በስልክ እየጮህኩ እነግራቸዋለሁ። ድምፄን ታውቂው የለ?"

አውቀዋለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ይሰማል።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ዘበኛውን ቀሰቀስኩት። ለሁለት ሰዓት ያህል ምንም አልተፈጠረም። ድዌይን "ይኸው፣ አንበሳ ነሽ!" ሲል ስልኩ ጮኸ። ማይርና ናት። "ሎርና፣ ስክሪኖቹ ባዶ ሆኑ! ድንገተኛ ክፍል ልቡ የታመመ ሰው አለኝ!" እሷ ውጤቱን በሌላው ስልክ መጮህ ጀመረች። ግሌን ከየት መጣ ሳልል ከኋላዬ ቆሟል። ሰዓቱን እያየ።

ሦስት ደቂቃ። አራት። "አጥፊው" አለ ግሌን። ድዌይን "ቆይ! መዝገቡን ታንብብ!" አለ። እሱ ነው እንዲህ ያለው!

አነበብኩ። አንድ መስመር ብቻ። የውጤት ማሳያው ፕሮግራም ማንነቱን የሚያረጋግጥበትን የምስክር ወረቀት ፋይል እንዳያነብ ተከልክሏል። ጠዋት አዲስ ያስገባሁለትን ነው። ፕሮግራሙ ራሱን አድሶ ሲነሳ ሊያነበው ፈለገ፣ ዘበኛው እምቢ አለ። ለምን? ... ከግል ፎልደሬ *አዛውሬው* ነዋ! መቅዳት ነበረብኝ። የተቀዳ ፋይል የአዲሱን ቦታ መለያ ይይዛል፤ የተዛወረ ግን የድሮውን ይዞ ይመጣል። የእኔ የግል ፋይል ነው ብሎ ነው ዘበኛው ያገደው፣ ትክክል ነው! ይህን ለስንት ሰው ያስተማርኩት እኔ! መለያውን የምታስተካክለዋን አጭር ትእዛዝ ጻፍኩ። ሁለቴ ተሳሳትኩ። ሦስተኛው ገባ።

"ተመለሰ!" አለች ማይርና።

ግሌን ሰዓቱን አየ። "ስምንት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ።"

"አስር ነው ያልከው።"

"አስር ነው ያልኩት" አለና ወጣ። በሩን ሲዘጋ ፈገግ ያለ መሰለኝ፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሰውየው ደህና ነው አሉ።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 1

ወሩ አለቀ። ግሌን ዘበኛውን አጥፊው አላለኝም። እኔም ላስታውሰው? ምን በወጣኝ!

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 9

ጠዋት መዝገቡን ስከፍት ሁለት መቶ አስራ ሁለት እምቢታ። በአንድ ሰዓት ውስጥ። ደግሞ ምን አዛወርኩ አልኩ።

የእኔ ጥፋት አልነበረም። የውጤት ማሳያው ፕሮግራም የፓስወርዱን ፋይል ለመክፈት ሞክሯል። እምቢ። ከውጭ ያመጣውን ፋይል ለማስነሳት ሞክሯል። እምቢ። የመድኃኒት ክፍሉን ሰርቨር፣ ከዚያ የራጅ ክፍሉን... እምቢ፣ እምቢ። ፕሮግራሙ በራሱ እንዲህ አያደርግም። ሰው ነው። ቀዳዳ አግኝቶ ገብቶበታል፤ ከገባባት ክፍል ግን መውጫ አጥቶ ግድግዳ ሲደበድብ ነበር።

ድዌይን ፊቱ አመድ መሰለ። ከውጭ የሚያስገባውን በር ዘጋን፣ ግሌንን ጠራን፣ የኔትወርክ ደኅንነት ባለሙያዎች መጡ። እስከ ከሰዓት ፈተሹ። ከእነሱ አንዷ ቀና ብላ "የትም አልደረሰም" አለች። "አንዲት ፋይል እንኳ አልነካም።" ግሌን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ሌሎቹ ሰርቨሮች ላይ መቼ ትጀምሪያለሽ?" አለኝ።

"ነገ ጠዋት" አልኩት።

ከዚያ ወደ ላቦራቶሪው ወረድኩ። ማሽኖቹ ይዞራሉ። ማይርና ብልቃጦቹን እየደረደረች ነበር።

"እንዴት ዋላችሁ እዚህ?" አልኳት።

"ደህና ነዋ። ሦስት መቶ ምናምን ውጤት ወጣ፣ ሁሉም በሰዓቱ። ምነው?"

"ምንም።"

"ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም።"

ብልቃጡን አስቀመጠችና ፊቴን አየች። "ታዲያ ምን ያስለቅስሻል፣ አንቺ?"

"እሱ ነው እኮ ማይርና" አልኳት። "ምንም አልሆነም።"